ጣሪያ ስር የቀረ ሳቅ

ሳቅ ከያዘኝ አልመለስም። ቅዳሴ ላይ ይዞኝ ያውቃል፣ ለቅሶ ቤት ይዞኝ ያውቃል። የአሜሪካ ዜግነት ስቀበል አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ቀኝ እጅህን አንሳ ሲባል ግራውን አነሳ፤ እኔን አየና ደነገጠ፤ ከዚያ ሁለቱንም አነሳ። እጁን የሰጠ ሽፍታ መሰለኝና ቃለ መሐላውን እስከ መጨረሻው ከንፈሬን ነክሼ ነው የጨረስኩት። ባሌ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ሳቅሽ አንድ ቀን ጉድ ያፈላብሻል» ይለኛል። እንግዲህ ዴንቨር ውስጥ አንዲት ትልቅ ሰው እንድትንከባከብ የተቀጠረችው እንዲህ ያለችው ሴት ናት።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ዓመታት ውስጥ ነው። እኛ የምንኖረው አውሮራ ነበር፤ ሴትዮዋ ደግሞ ዴንቨር፣ ከእኛ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ቀይ ሊፕስቲክ ሳይቀቡ ቁርስ የማይቀምሱ አይሁዳዊት ናቸው። የመጀመሪያው ቀን «በስሜ ጥሪኝ» አሉኝ። እናቴን የሚያህሉ ሰው በስም ልጥራ ብል አፌ እምቢ አለኝና «እማማ» አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «የወለድኳት ልጅ ፍሎሪዳ ሄዳ ጠፍታብኛለች፤ አንቺ ጥሪኝ» አሉ። ብዙም ሳይቆይ የልጅ ልጃቸውም እማማ ትላቸው ጀመር።

ይህች የልጅ ልጅ እንግልውድ የምትኖር የዳንስ አስተማሪ ናት። ወንበር እያለ ወለል ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ስታወራም እግሯን እንደ መቀስ ትከፍታለች፤ እኔ እሷን እያየሁ ወገቤን ያመኛል። አያቷን ትወዳቸዋለች፣ ትፈራቸዋለች፣ ስለ አያቷም ዳንስ መሥራት ከጀመረች ወራት አልፈዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ በናዚዎች ጊዜ፣ ትንሽ ልጅ ሆነው፣ ከእናታቸውና ከታላቅ እህታቸው ጋር ተደብቀው ነው የቆዩት። የተደበቁት ከአንድ አናጢ ቤት ኮርኒስ በላይ ነው። እኔ ከኮርኒስ በላይ አይጥ እንጂ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ፣ ልጅቷ ስትነግረኝ ሁለቴ አስደግሜያታለሁ። ከታች የአናጢው የሥራ ክፍል ነው። ቀን ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል። ስለዚህ ቀን ቀን መራመድ የለም፣ ማሳል የለም፣ ማስነጠስም የለም። ልጅቷ ይህን በዳንስ ልትሠራው ተነሳች፤ ክላርኔት፣ ቼሎ፣ አኮርዲዮንና ከበሮ የሚጫወቱ ሰዎችም መድረኩ ጎን ተቀምጠው እዚያው ያጅባሉ።

ችግሯ አያቷ ነበሩ። እማማ እንዲህ ያለ ነገር ጀምረው አይጨርሱም። ሲኒማ ወስዳቸው ከመሃል ተነስተው ወጥተዋል። ትምህርት ቤት ታሪካቸውን እንዲናገሩ ተጋብዘው ሄደው፣ አስተማሪዋ ገና ስታስተዋውቃቸው ማልቀስ ስትጀምር ማይክሮፎኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወጥተዋል። «እኔን እያየ የሚያለቅስ ሰው ሰልችቶኛል» ነው የሚሉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃቸው መጥታ ሳሎኑ ወለል ላይ ተዘረጋች። እኔ ወጥ ቤት ድንች እልጣለሁ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለቻቸው። «ዳንሰኞቼ መነሳት አይችሉም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። እግራቸውን ማንቀሳቀስ አይችሉም፣ ይሰማል። ቁጭ ብለው ምን ያድርጉ? ለቅሶ ብቻ ሆነብኝ። እናንተ ቀን ቀን ምን ትሠሩ ነበር?»

«እንስቅ ነበር» አሉ እማማ።

ልጅቷ ቀና አለች። እኔም ቢላዬን አስቀመጥኩ።

ከዚያ በፊት ሲነገር ሰምቼው የማላውቀውን ነገሩን። አናጢው ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ራሱን ዘፋኝ ያደርጋል። እንጨት እየላገ የፍቅር ዘፈን ይዘፍናል፤ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል። ደንበኛው ደግሞ ዋጋ እንዲቀንስለት ብሎ «እንዴት ያለ ድምፅ ነው» እያለ ያሞካሸዋል። አናጢው ያምንና ከመጀመሪያው ይደግመዋል። እላይ ታላቅ እህትየዋ ደረቷን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አብራው አፏን ታንቀሳቅሳለች። ድምፁ ሲሰነጠቅ እሷም በጥይት እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ ትወድቃለች፤ ያውም ቀስ ብላ፣ ምንም ሳይሰማ።

«አሁን ሳቁን የት ታደርጊዋለሽ?» አሉ እማማ። «ብርድ ልብስ አፋችን ውስጥ እንጠቀጥቃለን። እናታችን በአንድ እጇ የእኔን አፍ፣ በሌላው የእሷን ትይዛለች። ሳቁ በአፍ መውጣት ሲያቅተው በዚህ ይወጣል።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ትከሻቸውን አሳዩን። መጀመሪያ ጫፉ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከፍ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ በመጨረሻም አንገት ተከተለ። ወገባቸው እንዳለ ነው፤ ድምፅም የለም።

እኔ ድንቼን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ «ይሄማ እስክስታ ነው» ብዬ አረፍኩት፤ በዚያው ሳቁ ያዘኝ። ላቆመው ስሞክር ባሰ። በሰው መከራ የምትስቅ ጨካኝ ተብዬ ስባረር፣ ለባሌም ምን ብዬ እንደምነግረው ሁሉ ታየኝ፤ ሳቄ ግን አልቆም አለ።

«ምንድን ነው ያልሽው?» አሉ እማማ።

«የአገራችን ጭፈራ ነው። በትከሻ ነው። እግር አይፈልግም፣ ተቀምጠውም ይሆናል።»

«አሳዪን።»

የእኔ እስክስታ ዝንብ የምታባርር በቅሎ ነው፤ ሠርጌ ላይ እንኳ አማቴ ቀስ ብላ ተቀመጪ ብላኛለች። ምን ላድርግ፣ ድንቹን አስቀምጬ አሳየሁ። እማማ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው በደንብ ተመለከቱኝ።

«እህቴ ትበልጥሻለች» አሉ። ከዚያ ሦስታችንም አበድን፤ ልጅቷ ወለሉን በመዳፏ እየመታች ትስቅ ነበር።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ካልሲያቸውን ሳደርግላቸው፣ እማማ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። «ትርኢቱን ለማየት እመጣለሁ ብለዋል ብለሽ ንገሪያት» አሉኝ። «ለአንቺ ብቻ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እህቴ ከዚያ ጣሪያ ስር አልወረደችም። ክረምቱ ላይ ሳንባዋን ታማ እዚያው ሞተች። ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ከሞቷ ይጀምርና እዚያው ይጨርሳል። እኔ የማውቃት ግን ስታስቀኝ ነው። መድረክ ላይ የማያት ያቺ እህቴ ካልሆነች፣ እጅሽን ሁለቴ እጨምቃለሁ። ምንም ሳትጠይቂ ይዘሽኝ ትወጫለሽ።»

«እሺ እማማ» አልኩ። ጉልበታቸው ላይ እንባዬ እንዳይንጠባጠብ ሁለተኛውን ካልሲ ቶሎ አደረግኩላቸው፤ የሚያለቅስ ሰው እንደማይወዱ አውቃለሁና።

ከዚያ ወዲያ ያ ትርኢት የእኔም ጉዳይ ሆነ። ልጅቷ ትከሻ የሚያስተምር ሰው ስትፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው የታየኝ፤ ሞንትቤሎ የሚባለው ሰፈር ያለችው ወዳጄ፣ እትዬ። ተወልዳ ያደገችው አስመራ ነው። አማርኛ በትምህርት ቤት የተማረች ስለሆነች ስህተት ስናገር ታርመኛለች። በሙሽርነቷ ባሏ ተዛውሮ ጎንደር ኖራለች፤ ትከሻውን ያመጣችው ከዚያ ነው። አንቱ ብዬ ብጠራት «አሮጊት አታድርጊኝ» ብላ ስለተቆጣችኝ አንቺ እላታለሁ።

ልምምዱ የሚደረገው በድሮው ኤርፖርት ቦታ ላይ እየተሠራ በነበረው አዲስ ሰፈር፣ ቀለሙ ገና በሚሸት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሁለቱ ዳንሰኞች፣ ታናሽና ታላቅ እህት የሚሆኑት፣ ከልጅነታቸው ባሌት የሚባለውን የፈረንጅ ዳንስ የተማሩ ናቸው። እግራቸው ወፍ ነው፤ ትከሻቸው ግን ንቅንቅ አይልም።

«እነዚህን ልጆች ማን ነው የቸነከራቸው?» አለችኝ እትዬ።

«ቆንጆ አቋም አላችሁ ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ።

«ይቺ ቀጭኗ ምሳ በልታለች?»

«አንቺ ደግሞ ልዩ ተሰጥኦ አለሽ ትላለች።»

እትዬ እንግሊዝኛ ይገባታል እኮ፤ ኤርፖርት ነው የምትሠራው። ቀና ብላ አየችኝና «ትርጉምሽ እንዴት ያምራል» አለችኝ። ከዚያ ራሷ ተያያዘችው፤ «ሪላክስ አድርጊው፣ ልቀቂው፣ ትከሻሽ ይሳቅ» እያለች በሁለት ቋንቋ አዳራሹን ሞላችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቀጭኗ፣ ማለትም ታላቅ እህት የምትሆነው፣ ድንገት ገባት። ትከሻዋ ከሌላ ሰው የተዋሰችው ይመስል ብቻውን ሄደ። እትዬ ያን አይታ እልልታዋን ለቀቀችው።

ዳንሰኞቹ ዘለሉ። የክላርኔቱ ተጫዋች፣ ጺማም ሽማግሌ ነው፣ ክላርኔቱን ከጉልበቱ ላይ ጣለው። አነሳውና እትዬ እንድትደግምለት ለመናት። ደገመችለት። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ በክላርኔቱ ሊያስመስለው ሞከረ፤ ሦስተኛው ላይ የታመመ ዶሮ መምሰሉ ቀረ። ያን ቀን ሥራ የሚባል ነገር አልተሠራም።

የልጅ ልጅየዋ ግን ስንወጣ ወደ ጎን ጠራችኝ። «እልልታው በጣም ቆንጆ ነው» አለች፤ «በትርኢቱ ቀን ግን የሳቁ ትዕይንት ላይ ሙዚቃው እንኳ ይቆማል። ደንበኛ ገብቷል፣ ምንም ድምፅ መኖር የለበትም። አያቴ የምታየው እሱን ነው። አደራ።»

ቀኑ እሁድ ከሰዓት ሆነ። እማማን ከቤታቸው ከመውሰዳችን በፊት እትዬን መኪና ውስጥ በደንብ መከርኳት። «ስልክ ኦፍ ይደረጋል። ማጨብጨብ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። እልልታ የሚባል ነገር የለም።»

«ምን ነካሽ? ቤተ ክርስቲያን ግማሽ ቀን ዝም ብዬ የምቆም ሴትዮ ነኝ እኮ።»

«ቤተ ክርስቲያንም እልል ትያለሽ።»

«እሱ ጊዜው ሲደርስ ነው» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ሞልቷል። እማማ ሊፕስቲካቸውን ከወትሮው አድምቀው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በግራዬ ተቀመጡ፤ እትዬ በቀኜ። መብራቱ ሲጠፋ የእማማ እጅ መጥቶ እጄ ውስጥ ገባ። ቀዝቃዛ ነበር።

ወታደሮች ቤት ሲፈትሹ የሚያሳየው ቦታ ላይ ከበሮው እንደ ቦት ጫማ እየረገጠ መጣና ቆመ። እማማ እጄን ጨመቁት፤ አንዴ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ። በእግሬ ጫማዬን መፈለግ ጀምሬያለሁ፤ አዲስ ስለሆነ ነክሶኝ አውልቄው ነበር። ሁለተኛው ሳይመጣ ወታደሮቹ ሄዱ። እኔም ተነፈስኩ።

ከዚያ አናጢው መጣ። ባለ አኮርዲዮኑ ራሱ ነው የሚዘፍነው፤ እንዴት አድርጎ እንዳበላሸው፣ ጥሩ ዘፋኝ ካልሆኑ እንዲህ ማበላሸት አይቻልም። ከበላዩ፣ ዝቅ ተደርጎ በተወጠረ ጨርቅ ስር፣ ታላቅ እህትየዋ ደረቷን ይዛ አብራው አፏን ታንቀሳቅሳለች። ድምፁ ተሰነጠቀ፤ እሷም ቀስ ብላ ወደቀች። ደንበኛው በሩን ከፍቶ ገባ። አኮርዲዮኑ ቆመ፣ ሁሉም ቆመ። ሁለቱ ልጆች እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ጀመረ።

እውነቴን ነው፣ የት እንዳለሁ ረሳሁ። ዝም ባለው አዳራሽ ውስጥ አራት ትከሻ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ታናሽየዋ ትጀምራለች፣ ታላቅየዋ ትነጥቃታለች፣ አንገት ይጨመራል፣ ደግሞ ሁለቱም ይይዙታል፣ ደግሞ ያመልጣቸዋል። ጎንደር ያለ ሰው ቢያይ ልጆቼ የሚላቸው ትከሻ ነበር። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዟል።

«እልልልልልልል።»

ከቀኜ ነው የመጣው። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን ቀብሮ ጎንበስ አለ። ዞር ስል እትዬ በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እልል ያልኩት እኔ ይመስል ታየኛለች። መድረኩ ላይ ልጆቹ ደረቁ። ነፍሴ ወጣች። ናዚዎቹ ያላገኟቸውን ልጆች የሞንትቤሎ እልልታ አጋለጣቸው አልኩ በሆዴ። የልጅ ልጅየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ጭንቅላቷን ይዛ ቆማለች።

ክላርኔቱ መለሰ። ያ ጺማም ሽማግሌ ከዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ የእትዬን እልልታ ቀጠን አድርጎ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ አድርጎ አወጣው። ታላቅ እህት የምትሆነው ልጅ ወደ ድምፁ ቀና አለች፤ ከዚያ ታናሿን አየች፤ ከዚያ የማስመሰሉ ነገር አበቃ። ሳቅ ያዛቸው፣ እውነተኛው። አንዷ የሌላዋን አፍ ልትይዝ ትታገላለች፤ ትከሻቸው የሚያደርገውን እትዬም አላስተማረቻቸውም። ሰዉም ከኋላ ጀምሮ መንፈቅፈቅ ጀመረ።

በዚህ መሃል ነው እጄ የተሰማኝ። እየተጨመቀ ነው። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ከዚያም በላይ። አበቃ፣ ተበላሸ፣ ይሄው ብዬ ቦርሳቸውን አንስቼ፣ በአንድ እግር ጫማ ብድግ አልኩ።

ቀሚሴን ጎትተው አስቀመጡኝ። «የት ነው የምትሄጂው?»

ያኔ አየኋቸው። በሌላው እጃቸው አፋቸውን ይዘዋል፤ ሊፕስቲካቸው ጉንጫቸው ላይ ተለቅልቋል፤ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ድምፅ የለም። ልክ መድረኩ ላይ እንዳሉት ልጆች።

«እሷ ናት» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ ታላቅየዋ እያመለከቱ። «እህቴ ናት። ይህቺው ናት።»

ትርኢቱ ቀጠለ። ክረምቱ መጣ፣ ቼሎው ብቻውን ቀረ፣ የታላቅየዋም ቦታ ባዶ ሆነ። እኔ አለቀስኩ። እትዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። እማማ ግን ሊፕስቲካቸው እንደተለቀለቀ፣ ቀጥ ብለው እስከ መጨረሻው ተመለከቱ፤ እጄንም አልጨመቁትም። ሲያልቅ ቀድመው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው።

የልጅ ልጅየዋ እየሮጠች ስትመጣ እትዬን ከኋላዬ ደበቅኳት። ልጅቷ እኔን ገፋ አድርጋ እትዬን አቀፈቻትና በሚቀጥለው ጊዜም ትመጣ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ እዚያችው ቦታ ላይ እንድትደግመው።

«እሱ ጊዜው ሲደርስ ነው» አለች እትዬ፣ በእንግሊዝኛ።

ስንመለስ ኮልፋክስ ጎዳና በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እማማ ከጎኔ፣ እትዬ ከኋላ። እማማ ያ ድምፅ በምን እንደሚወጣ ጠየቁ። እትዬ ወደ ፊት ተጠግታ ምላሷን እያሳየች ታስተምራቸው ጀመር። የመጀመሪያው ሙከራ ውሃ የፈላበት ማንቆርቆሪያ ሆነ። ሁለተኛው ባሰ። እኔ መሪውን ይዤ በሳቅ እንባዬ ስለሚፈስ መንገዱ ይደበዝዝብኛል። ቀይ መብራት ይዞን በቆምንበት ግን ወጣላቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ መኪናውን የሚሞላ እልልታ። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ዞር አሉ።

«ቀስ ይበሉ እማማ» አልኳቸው ሳላስበው። «ሰው ይሰማል።»

ድምፃቸው ቀጥ አለ። እጃቸው ራሱን ችሎ ወደ አፋቸው ሄደ። እዚያ ሳይደርስ አቆሙትና አዩት። ከዚያ በዚያው እጃቸው የበሩን ቁልፍ ተጭነው መስኮቱን እስከ ታች አወረዱት።

«ይስማ» አሉ።